ከሽቦው የፈጠነ ቁጥር

ባለፈው ሰሞን በኮምፒውተር ክፍል ሠልጣኞች የጋራውን ፋይል ማስቀመጫ ፍጥነት በኔትወርክ ላይ ሲለኩ፣ አንዱ ቡድን በሰከንድ 900 ሜጋባይት፣ ሌላው 11 ብቻ ይዞ መጣ። ለመጀመሪያው ተጨበጨበ። ሁለተኛው ግን «ዲስኩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» አሰኘ፤ የግዢ መጠየቂያም ሊጻፍ ነበር።

ለመሆኑ ሽቦው ስንት ያሳልፋል? ኔትወርካችን 1 ጊጋቢት ነው፤ ይኸውም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ ለ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት ይሆናል። ለአድራሻና ለመሳሰለው የሚሄደው ሲቀነስ 110 አካባቢ ከተገኘ ደግ ነው። ታዲያ 900 ከየት መጣ? ፋይሉ በሽቦው አልመጣማ! ቡድኑ ባለ 1 ጊጋባይት ፋይል ደጋግሞ ነበር ያነበበው። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር በመጀመሪያው ንባብ ያገኘውን ይዞ አስቀረና፣ በሁለተኛው ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰጠ። በ16 ጊጋባይት ፋይል ሲደገም 108 ሆነ።

11ዱስ? እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ነውና። በኬብሉ ውስጥ 4 ጥንድ ሽቦ አለ። ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል፤ ለ100 ሜጋቢት ግን 2 ጥንድ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ጥንድ ሲጎዳ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ዝም ብሎ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን የግንኙነት ፍጥነት ብናይ እውነትም 100 ይላል። ኬብሉን የጠረጴዛ እግር ተጭኖት ኖሯል! ሲቀየር 109 ሆነ። ዲስኩ ያው አሮጌው ነው።

እንዲህ ሲያጋጥም ዲስኩን እዚያው ሰርቨሩ ላይ፣ ኔትወርኩን ደግሞ አይፐርፍ በተባለው ፕሮግራም ለየብቻ መለካት ነው፤ አይፐርፍ ዲስክ ሳይነካ መረጃ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ይልካል። በአንድ ጊዜ የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። በዚህ በኩል እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ አምና ኬብሉንና የስዊቹን ቀዳዳ አብሬ ቀይሬ፣ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበረ ሳላውቀው ቀረሁ።

ሦስተኛ ቡድንም ነበረ። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ገልብጦ ዝቅ ያለ ቁጥር አገኘ። ይህ ስሕተት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈትና ሲዘጋ በኔትወርኩ ላይ ጥያቄና መልስ ይመላለሳል፣ ጊዜውም በመጠበቅ ያልቃል። ቡድኑ ግን ውጤቱ ስላላማረው ሰርዞ 110 ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ያየው ስንት እንደነበረ ብንጠይቅ የሚያስታውስ አልተገኘም።