ምዕራፍ ዘጠኝ፦ «ጎደለ» ወይስ «አጎደለው»?

በዚህ ምዕራፍ ስለ ተሻጋሪና ስለማይሻገሩ ግሦች፣ እንዲሁም ስለ ልክ የሚናገር አስረጂ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ትማራላችሁ። በቅድሚያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ቁጥር ያለባቸውን አንቀጾች ሁለት ጊዜ ብታነቧቸው ይመረጣል።

ሀ. ምንባብ

ሐረርን ያየ ሰው በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ሲገባ በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ነው። ባለሙያዋ ሙዳይ ስትሠራ የክዳኑን ልክ የምትወስደው ከራሱ ከሙዳዩ አፍ ነው። ሙዳዩ በአንድ ጣት ቢተልቅ ክዳኑም አብሮት ይተልቃል። ስለዚህ ክዳኑ ለገዛ ሙዳዩ ይገጥማል እንጂ ለሌላው ላይገጥም ይችላል፤ ይህንንም ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም።

ከግንቡ ወጥተን ወደ ሐረር ቢራ ፋብሪካ ስንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቁሞ እስከ 2011 ድረስ በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሃይኒከን ለተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ተሸጧል። በእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ ማንኛውም ቆርኪ ለማንኛውም ጠርሙስ መግጠም አለበት። ቆርኪውን በየጠርሙሱ አፍ እየለኩ ለመሥራት የሚበቃ ጊዜም ሰውም አይገኝም። በመሆኑም አስቀድሞ «ከዚህ አይነስ፤ ከዚህም አይብለጥ» የሚል ወሰን ይደነገጋል። ጥያቄው፣ መኪናው በዚህ ወሰን ውስጥ ለመኖር ይችላል ወይ? የሚል ነው። ይህን ችሎታ መለካት የሂደት ብቃትን መለካት ይባላል።

በምሳሌ እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለትምህርት የታሰቡ ናቸው እንጂ ከማንኛውም ፋብሪካ መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር መያዝ አለበት እንበል፤ ወሰኑም ከ325 እስከ 335 ይሁን። ከአንደኛው መኪና 10 ጠርሙሶች ተወስደው ሲለኩ 328፣ 330፣ 331፣ 329፣ 332፣ 330፣ 331፣ 329፣ 330 እና 330 ሆነው ተገኙ። አማካዩ ልክ 330 ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ከአማካዩ የራቀበትን መጠን በራሱ አባዝተን ስንደምር 12 እናገኛለን። ይህን ለ9 ስናካፍል 1.333፣ የዚህም ካሬ ሥር 1.155 ይሆናል። (ጠርሙሶቹ 10 ሆነው ሳለ ለምን ለ9 እንደሚካፈል የሒሳብ መምህራችሁን ጠይቁ፤ ጥያቄው ያስመሰግናችኋል።) ይህ ቁጥር ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል፤ ጠርሙሶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ ይናገራል።

የሥራው ውጤት በአማካዩ ዙሪያ በተለመደው የደወል ቅርጽ የሚበተን ከሆነ፣ ከ1000 ጠርሙሶች 997 ያህሉ ከአማካዩ በግራና በቀኝ በሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ውስጥ ይወድቃሉ። ግራና ቀኙ ሲደመር ስድስት ነው። እንግዲህ የወሰኑ ስፋት 10 ለ6.93 ሲካፈል 1.44 ይሆናል። መልሱ ከ1 ካነሰ መኪናው ከወሰኑ ይሰፋል፤ ከ1 በበለጠ ቁጥር መፈናፈኛ አለው ማለት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ቢያንስ 1.33 ይሻሉ።

ሁለተኛው መኪና እንደ አንደኛው ጥቂት ብቻ ይበተናል፤ አማካዩ ግን 333 ነው። ከእርሱ የተወሰዱት 10 ጠርሙሶች ከ331 እስከ 335 ስለሆኑ አንዳቸውም ወሰኑን አልተላለፉም። ችኩል መርማሪ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን አማካዩ ከላይኛው ወሰን የሚርቀው በ2 ብቻ ነው፤ 2 ለ3.465 ሲካፈል ደግሞ 0.58 ይሆናል። ሥራው በዚሁ ከቀጠለ ከ100 ጠርሙሶች 4 ያህሉ ከወሰኑ በላይ ይሞላሉ። ዐሥሩ ጠርሙሶች በዓይን ያላሳዩትን ስሌቱ አሳየ።

ሦስተኛው አሮጌ መኪና ነው። አማካዩ 330 ሲሆን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2.5 ነው። 10 ለ15 ሲካፈል 0.67 ይሆናል። ከ100 ጠርሙሶች 2 ያህሉ ይጎድላሉ፤ 2 ያህሉም ይተርፋሉ።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ብልሽት በቁጥር ይቀራረባል፤ በዓይነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በሁለተኛው መኪና ላይ የቆመው ሠራተኛ የመሙያውን ልክ ወደ 330 ቢመልሰው ነገሩ ይስተካከላል። የሦስተኛው ሠራተኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ቢጠብቅ ብልሽቱ አይቀንስም። እንዲያውም ጠርሙስ በጎደለ ቁጥር ልኩን ከፍ፣ በተረፈ ቁጥር ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ መበተኑን ያብሰዋል። ይህ ሰው ደመወዙ ቢቆረጥ የተቀጣው መኪናው ስላረጀ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሌቱ የሚያገለግለው ሥራው የረጋ እንደሆነ ብቻ ነው። ዛሬ 330፣ ነገ 326፣ ከነገ ወዲያ 334 የሚሞላ መኪና ገና ብቃቱ አይለካም፤ አስቀድሞ የመዋዠቁ ምክንያት ይፈለጋል። አሜሪካዊው ዋልተር ሹዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 የቁጥጥር ሰንጠረዥን የነደፈው ይህን የረጋውንና ያልረጋውን ለመለየት ነበር። ኤድዋርድስ ዴሚንግም እ.ኤ.አ. በ1950 ለጃፓን መሐንዲሶችና ሥራ አስኪያጆች ያስተማረው ትምህርት በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ለ. ሰዋስው

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

የሌሊት ተረኛው ጠርሙሱን አጎደለው።
በሌሊቱ ተራ ጠርሙሱ ጎደለ።

«ጎደለ» የማይሻገር ግሥ ነው፤ ተሳቢ አይሻም። «አ» ሲጨመርበት «አጎደለ» ይሆንና ተሻጋሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድርጊቱን የፈጸመ ባለቤት የግድ ያስፈልገዋል። ፈሰሰ፣ አፈሰሰ፤ ዘገየ፣ አዘገየ፤ ጠፋ፣ አጠፋ የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። «ሰበረ» ግን መነሻው ተሻጋሪ ስለሆነ በ«ተ» ወደ ተደራጊነት ይመለሳል፤ «ተሰበረ» ይላል።

አንዲት «አ» ሰውን በደለኛ ልታደርግ እንደምትችል አስተዋላችሁን? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ክስ ነው፤ ጸሐፊው ሳይመረምር ፈርዷል። ሁለተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሁለተኛው መኪና ላይ ልኩን ያዛባ ሰው ካለ፣ «ጎደለ»፣ «ተረፈ»፣ «ተበላሸ» የሚሉት ግሦች መሸሸጊያ ይሆኑለታል። በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፈው ሪፖርት «ፋይሉ ጠፋ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ተሻጋሪውን ወይም የማይሻገረውን ለመምረጥ አስቀድሞ መለካት ያሻል።

ሐ. መልመጃ

1. «ሦስተኛው መኪና ብዙ ጊዜ ትንሽ ያበላሻል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ብዙ ጊዜ» እና «ትንሽ» የሚሉትን ቃላት አውጥታችሁ፣ በምንባቡ ባሉት ቁጥሮች ተክታችሁ ጻፉ።

2. በሦስተኛው መኪና ላይ የሚሠራው የሌሊት ተረኛ ተከሶ ቀርቧል እንበል። ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከ15 እስከ 20 መስመር የሚሆን ማመልከቻ ጻፉለት። ልመናና እሮሮ አይግባበት፤ ልኩን፣ ስሌቱንና የሚፈለገውን ጥገና ብቻ አስረዱ።

3. በሰፈራችሁ ካለ አንድ ዳቦ ቤት በአንድ ቀን የተጋገሩ 10 ዳቦዎች በሚዛን መዝኑ። አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን አውጡ። ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ አስረጂ ድርሰት ከጻፋችሁ በኋላ በ«አ» የጀመሩትን ተሻጋሪ ግሦች በሙሉ አስምሩባቸው፤ በእያንዳንዱም አንጻር የድርጊቱን ባለቤት በምን ማስረጃ እንዳወቃችሁት በኅዳጉ ላይ ጻፉ። የዳቦ ቤቱን ስም አትጥቀሱ፤ 10 ዳቦ ለክስ አይበቃም።