የሚቆለፍ ጣት

እናቴ ጉደር ከተማ በሲንጀር መኪና ልብስ ትሰፋለች። ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቷ ታጥፎ ይቀራል፤ በሌላው እጇ ስታቃናው ቋ! ይላል። “ብርድ ነው” ትለኛለች።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ብርድ አይደለም። ጣትን የሚያጥፈው ጅማት መዳፍ ላይ በጠባብ ማሰሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ማሰሪያው ሲወፍር ጅማቱ ይያዛል። የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል።

ሕክምናው ጣቱን ከማሳረፍ ይጀምራል፤ አልሻል ካለ የስቴሮይድ መርፌ አለ። እሱም ካልሠራ ማሰሪያው ይቆረጣል። እኛ ለነፍሰ ጡር ብቻ የሚመስለን አልትራሳውንድ እዚህም ይገባል፦ ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ ሐኪሙ ጅማቱንና ነርቩን በምስል እያየ በመርፌ ቀዳዳ ማሰሪያውን ይፈታዋል።

እናቴ የፈራችው ቢላዋውን ነበር። ይህን ስነግራት “በል አምቦ ውሰደኝና ይዩት” አለችኝ።