ስለ መርሳት ደዌና በአይጥና በፍልፈል ስለሚደረገው ምርመራ

ሰው ሲሸመግል ጉልበቱ መድከሙ፥ የዕቃውንም ስፍራ አልፎ አልፎ መርሳቱ ደዌ አይባልም። የልጁን ስም የሳተ፥ ከገበያም ሲመለስ የገዛ ቤቱ መንገድ የጠፋበት እንደ ሆነ ግን ደዌ ነው። ሰው ሁሉ «ጃጀ» ብሎ ይተወዋል፤ አንዳንዱም እርግማን ነው ይላል፤ ይህም በሽተኛውንና ቤተ ሰቡን ያሳፍራል እንጂ አይረዳም።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1906 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) አሎይስ አልዛይመር የሚባል የጀርመን ሐኪም በዚያው ዓመት የሞተችውን የአንዲት ሴት አንጎል በአጉሊ መነጽር መረመረ። ሴቲቱ ፍራንክፈርት ከሚገኘው የሕሙማን ቤት የገባችው በ51 ዓመቷ ስለ ነበረ፥ እርጅና ብቻ ነው ለማለት አልተቻለም። በአንጎሏም ውስጥ ሁለት ነገር አየ፤ አንደኛው በሕዋሳት መካከል የተከማቸ ዝቃጭ፥ ሁለተኛው በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ልቃቂት የተተበተበ ክር ነው። ሁለቱም ከፕሮቲን ወገን መሆናቸው ኋላ ታወቀ፤ የፊተኛው አሚሎይድ ቤታ፥ የኋለኛው ታው ይባላል።

የሕያው ሰው አንጎል ተከፍቶ አይመረመርምና ሊቃውንት ወደ እንስሳ ዞሩ። የቤት አይጥ ግን በተፈጥሮዋ ይህ ደዌ አያገኛትም። ስለዚህ የአሜሪካ ሊቃውንት ደዌው ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍበት ቤተ ሰብ የታየውን የተበላሸ የሰው ዘረ መል በአይጥ ላይ አደረጉ፤ በ1995ም እንዳስታወቁት፥ በአይጧ አንጎል እንደ በሽተኛው ያለ ዝቃጭ ተከማቸ።

አይጥ የረሳችው በምን ይታወቃል ቢሉ፥ ሪቻርድ ሞሪስ የሚባለው የብሪታንያ ሊቅ በ1981 ያሳተመው ዘዴ አለ። በሰፊ ገንዳ ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ ወተትም ይጨመርበትና ይደፈርሳል፤ ከውሃው በታች የማይታይ መቆሚያ ይደረጋል። አይጧ እየዋኘች ትፈልገዋለች። ጤነኛዪቱ በዙሪያው ያለውን ምልክት እያስተዋለች ዕለት ዕለት ቶሎ ታገኘዋለች፤ የታመመችው ግን ትናንት የቆመችበትን ረስታ ትዞራለች። ከገበያ መንገዱ እንደ ጠፋበት ሽማግሌ መሆኗ ነው።

በ1999 ሊቃውንት ለነዚህ አይጦች ክትባት ሰጥተው ዝቃጩ እንዲቀንስ አደረጉ። ደስታውም ብዙ ነበረ። ነገር ግን በሰው ላይ ሲሞከር ከተከተቡት አንዳንዶቹ አንጎላቸው ስለ ተቆጣ ሙከራው በ2002 ቆመ። የአይጧ ደዌ ሰው የሠራላት እንጂ የራሷ አለመሆኑ ያን ጊዜ የተዘነጋ ይመስላል። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒትም ደዌው ገና ሲጀምር ያዘገየዋል እንጂ የጠፋውን ትዝታ አይመልስም። የሆነ ሆኖ የሚረሳ ሽማግሌን ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከምና የቪታሚን ቢ 12 ማነስም ያስረሳሉና፥ እነዚህም መድኃኒት አላቸው።

አሁን የሚመረመር ሌላ እንስሳ አለ። የባሌ ሰው በሳነቴ ሜዳ የሚቆፍረውን፥ ቀይ ቀበሮም የሚመገበውን ትልቁን ፍልፈል ያውቃል፤ ከባሌም በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ሌላው ግን በኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ቆላ፥ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች የሚኖር ጠጉር የሌለው ፍልፈል ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከሳነቴው በዘር የራቀ ነው። በ1842 ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በኢትዮጵያ የተገኘውን መርምሮ ጽፎለታል። እንደ ንብ ከመካከላቸው አንዲቱ ብቻ ትወልዳለች። የቤት አይጥ ሦስት ዓመት ያህል ስትኖር፥ በአካል ከርሷ ብዙ የማይበልጠው ይህ ፍልፈል ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል።

በ2013 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው በዚህ ፍልፈል አንጎል ያለው አሚሎይድ ቤታ ደዌ ከተደረገባት አይጥ ጋር የሚተካከል ሲሆን ዝቃጩ ግን የለም። የፍልፈሉ አሚሎይድ ከሰው የሚለየው በአንዲት ቅንጣት ብቻ ነው፤ እርስ በርሱም እንደ ሰው ቶሎ አይጣበቅም። ሊቃውንት የሚጠይቁት ፍልፈሉን የጠበቀችው ይህች ቅንጣት ብቻዋን ናት ወይስ ሌላ ነገር ተጨምሮ ነው እያሉ ነው።