ቡናው እስኪፈላ፦ ስፖርትን ከቤት ውሎ ጋር ማያያዝ

ዛሬ ቤት ውስጥ ሆነን ስፖርት መሥራት ስለምንችልበት መንገድ ያየሁትን ላካፍላችሁ። አሠልጣኝም ሐኪምም አይደለሁም፤ እንደ ብዙዎቻችሁ ትምህርትና ሥራ ደርቤ የምሮጥ ተማሪ ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁትም ወድጄ ሳይሆን ደንግጬ ነው።

ባለፈው ዓመት የጤና ምርመራ ሳደርግ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ውጤቴ 5.9 ፐርሰንት ሆነ። ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የደም ስኳር አማካይ ያሳያል። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቁጥር ገና የስኳር ሕመም አይደለም፤ ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ ነን ማለት ነው። አባቴ ለብዙ ዓመታት ከስኳር ጋር ስለኖረ መርፌውንም ጭንቀቱንም አውቀዋለሁ። እኔ ያኔ 23 ዓመቴ ነበር።

ሐኪሟ ስፖርት እሠራ እንደሆነ ስትጠይቀኝ “የጂም አባል ነኝ” አልኳት። አልዋሸሁም፤ በየወሩ እከፍላለሁ። በስምንት ወር ውስጥ የሄድኩት ግን አራት ቀን ነው። ጊዜ የለኝም የምለውም እውነት ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል አለ፣ ቅዳሜና እሑድ የመኪና ማቆሚያ ሥራ አለ፣ በክረምት ደግሞ ከክፍል ስወጣ ጨልሟል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። ለስፖርት አንድ ሰዓት ከየት ላምጣ ማለቱን ትቼ፣ ቤት ውስጥ ያለሁበትን ጊዜ እንዴት ልጠቀምበት ማለት ጀመርኩ።

ስንት ደቂቃ ያስፈልገናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ መሥራት አለብን። 150ን ለሰባት ቀን ስናካፍለው በቀን 22 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መካከለኛ የሚባለው እየተንቀሳቀስን ማውራት የምንችልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅተን ልክ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴው እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሠራት ነበረበት። በ2018 በወጣው ሁለተኛ እትም ይህ ገደብ ተነሥቷል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃም፣ ሦስት ደቂቃም ተደምራ ትቆጠራለች።

የዕለት እንቅስቃሴ ጥቅም ቀድሞም የታየ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታኒያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጽሯል። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ ቆራጮቹ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። የልብ ሕመም በቆራጮቹ ላይ አነስ ብሎ ተገኘ። በኋላ ሾፌሮቹ የሱሪያቸው ወገብም ሰፋ ያለ እንደነበር ስለታየ ልዩነቱ ሁሉ የደረጃው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቆራጮቹ ጂም አልገቡም፤ ሥራቸውን ብቻ ነበር የሚሠሩት።

እኔ ያያያዝኩት እንዲህ ነው

*ከቡና ጋር።* ጀበናው ለአቦል ሲጣድ ከወንበር አሥር ጊዜ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ በእጄ ሳልደገፍ። ለቶና ሌላ አሥር፣ ለበረካ ሌላ አሥር። እናቴ መጀመሪያ ስታየኝ “አንተ ልጅ፣ ስግደት ጀመርክ እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ።

*ከእንጀራ ጋር።* ምጣዱ ተከድኖ እንጀራው እስኪበስል ድረስ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ፑሽ አፕ እሠራለሁ፣ ወይም በእግር ጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ሃያ እንጀራ ከተጋገረ ሃያ ትንንሽ ዕረፍት አለ።

*ከስልክ ጋር።* እሑድ አገር ቤት ስደውል ተቀምጬ አላወራም። ከሳሎን መኝታ ቤት እየተመላለስኩ ነው። ከአያቴ ጋር የምናወራው ከ30 ደቂቃ አያንስም።

*ከእራት በኋላ።* ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ብርድ ከሆነ የሕንፃውን ደረጃ እወጣለሁ። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ባያግዘውም እንኳ ከደም ስኳር ይስባል። ከምግብ በኋላ መራመድ የሚጠቅመው አንዱ ለዚህ ነው።

*ለጡንቻ።* በሳምንት ሁለት ቀን 25 ፓውንዱን የጤፍ ከረጢት አቅፌ ቁጢጥ ብዬ እነሣለሁ። መጽሐፍ የሞላ ቦርሳም ያገለግላል። መዝለል ግን ትቻለሁ፤ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ጣራቸውን ሲመቱ ገብቶኛል።

ጥንቃቄ

ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ አቁሙና ሐኪም አማክሩ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ቤተሰብ ካላችሁ እንቅስቃሴ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ሳይጀምር ሐኪሙን ይጠይቅ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ቀለል ያለውን ምረጡ፣ ከበዱን ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት።

ስሰንፍስ?

ሰንፌያለሁ። በፈተና ሰሞን 11 ቀን ሙሉ አቆምኩ። የተበላሸውን ላካክስ ብዬ በአንድ ቀን ብዙ ስሠራ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝና ሌላ አራት ቀን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ደንብ አለኝ፦ ቀኑ ምንም ቢከፋ የአቦሏ አሥር አትቀርም።

ከስድስት ወር በኋላ ስመረመር ቁጥሩ 5.6 ሆነ። ቡናዬ ላይ የማደርገውን ስኳርና ለስላሳ መጠጥም ስለቀነስኩ ሁሉንም ለስፖርቱ አልሰጥም። ደግሞም ካቆምኩ እንደሚመለስ አውቃለሁ።

ይልቅ ያስደሰተኝ የእናቴ ነገር ነው። ስትስቅብኝ ከርማ አንድ ቀን ጠረጴዛውን ይዛ አብራኝ መነሣት መቀመጥ ጀመረች። በፊት ከቡናው በርጩማ ለመነሣት “እስቲ እጅህን” ትለኝ ነበር። አሁን ሲኒውን ሰብስባ ራሷ ትነሣለች።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ አንድ ነው። በየቀኑ ሳታስቡት የምትሠሩትን አንድ ነገር ምረጡ፤ ቡና ማፍላት፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ስልክ መደወል ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ እንቅስቃሴ አያይዙ። ሁለተኛውን ለመጨመር አትቸኩሉ፤ የመጀመሪያው እስኪለመድ ጠብቁ። መልካም ሳምንት!