አፍን በዘይት መጉመጥመጥ፦ ጥቅሙና የማስረጃው ወሰን

አፍን በዘይት መጉመጥመጥ ከሕንድ የአዩርቬዳ ሕክምና የመነጨ ልማድ ነው። ሕክምናው ሁለት አፈጻጸሞችን ይለያል፤ ጋንዱሻ አፍን በፈሳሽ ሞልቶ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ሲሆን፣ ካቫላ ግን በመጠኑ ይዞ መጉመጥመጥ ነው። ዛሬ የተለመደው የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይትን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው።

ለልማዱ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ዘይቱ ከምራቅ ጋር ተዋሕዶ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ ጠንካራ አልካሊ የሚሻ ሲሆን፣ የምራቅ ፒኤች ወደ 7 የተጠጋ በመሆኑ ማብራሪያው አጠራጣሪ ነው።

አብዛኞቹ ሙከራዎች በጥቂት ተሳታፊዎች ላይ ለሳምንታት ብቻ የተካሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ በጥርስ ላይ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ንብርብርና የድድ ብግነት መቀነሳቸውን አሳይተዋል። የጥርስ መቦርቦር ግን በወራትና በዓመታት የሚከሠት በመሆኑ፣ ልማዱ መቦርቦርን ይከላከላል ለማለት እነዚህ ውጤቶች አያበቁም። ዘይቱ ኢናሜልን የሚያጠናክረው ፍሎራይድም የለውም። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ሳንባ የገባ ዘይት የሳንባ ምች ማስከተሉ በሕክምና ሪፖርቶች ተመዝግቧል።

ስለሆነም ልማዱ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽን ሊያግዝ ይችል እንደሆነ እንጂ ሊተካው አይገባም። ቀጣይ ጥናቶች ዘይትን ከተራ ውሃ ጋር በእኩል ጊዜ ቢያነጻጽሩ፣ ጥቅሙ ከዘይቱ ወይስ ከመጉመጥመጡ እንደሚመነጭ ለመለየት ያስችላሉ።