ስለ ልብስ አያያዝና የልብስ ሣጥንን ቀስ በቀስ ስለ ማደራጀት

ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ አስፈላጊ የሆኑት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ናቸው። ስለ ምግብና ስለ መጠለያ በትምህርት ቤትም በቤትም ብዙ እንማራለን፤ ስለ ልብስ ግን ከመልኩና ከዋጋው በቀር ስንነጋገር እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ በገሳይና በጠቅላላው በጉና ተራራ ዙሪያ ለምንኖር የደጋ ሰዎች ልብስ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የብርድ መከላከያችን ነው። ደግሞም ለልብስ የሚወጣው ገንዘብና ለደብተር የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ኪስ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ነገር ግን ለብዙ ዘመን የሚያገለግል ልብስ እንዴት ቀስ በቀስ ማደራጀት እንደሚቻል በአጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

አያቶቻችን ልብስ የሚያገኙት በአንድ ቀን አልነበረም። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴቶች በመዳመጫ ፍሬውን ያወጡለታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ በእንዝርትም ይፈትሉታል። ለድር የሚሆነው ፈትል ጠንክሮ ይከርራል፤ ማጉ ግን ለስለስ ይላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከሌላው የቤት ሥራ በሚተርፈው ሰዓት ስለ ሆነ፣ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስኪሞላ ወራት ያልፋሉ። ፈትሉ ሲሞላ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ነጠላ ቢሆን ሁለት ድርብ፣ ጋቢ ቢሆን አራት ድርብ ሆኖ ይወጣል። ከበግ ጠጉርም ባናና በርኖስ ይሠራል። እንዲህ በድካም የተገኘ ልብስ በቀላሉ አይጣልም። አያቴ እንዳስረዳችኝ፣ ጋቢ ሲያረጅ የሕፃን ማዘያ ይሆናል፤ ማዘያው ሲሳሳ እየተቀደደ ለልዩ ልዩ የቤት ሥራ ይውላል፤ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ጨርቅ አራት ዐይነት አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ1961 እ.ኤ.አ. እንደ ተቋቋመው እንደ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሉ ፋብሪካዎች ጨርቅን በብዛት ማምረት ከጀመሩ ቈይተዋል፤ ከውጭ አገር የሚመጣው ልብስና ሰልባጅም በየገበያው ይገኛል። ልብስ በቶሎ መገኘቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በቶሎ የተገኘው በቶሎ ሲጣል ጉዳቱ ብዙ ነው። አንድ የጥጥ ካናቴራ ለመሥራት፣ ጥጡ የሚጠጣው ውሃ ጭምር ታስቦ፣ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ይህም በቀን 3 ሊትር ለሚጠጣ ሰው የ900 ቀን መጠጥ ነው። ፖሊስተር የሚባለው ጨርቅ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ በየሜዳው ቢጣል እንደ ጥጥ በስብሶ አፈር አይሆንም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች ልብ ማለት ይገባናል።

1ኛ፤ ከመግዛት በፊት ያለንን መቍጠር ነው። እኔ በክረምቱ ዕረፍት ያሉኝን ልብሶች በደብተር መዘገብሁ፤ ዐሥራ አንድ ሆኑ። ዘወትር የምለብሳቸው ግን ስድስቱን ብቻ ነበር። ከቀሩት ውስጥ ሁለቱ ቍልፍ ብቻ የጐደላቸው ነበሩ፤ አንዱ ለታናሽ ወንድሜ ልክ ሆነ። በዚህ ዐይነት ምንም ገንዘብ ሳይወጣ ሦስት ልብስ ወደ ሥራ ተመለሰ።

2ኛ፤ ያለውን መንከባከብ ነው። ሹራብ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ሳይንጠለጠል ተዘርግቶ ይድረቅ። ቀለም ያለው ልብስ በውስጡ ተገልብጦ ይሰጣ። ባናና በርኖስ ብል እንዳይበላቸው በየጊዜው ፀሐይ ይምቱ። ነጭ ልብስ ቀድሞ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየት፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም አስታውቀዋል። ከልብስ አጠባ እንኳ እንዲህ ያለ ታላቅ ትምህርት ይገኛል።

3ኛ፤ በጊዜው መጠገን ነው። ትንሽ ትርትር በዕለቱ በመርፌ ቢያዝ ነገ መጣፊያ አይፈልግም። የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ልብስ ሰፊው ፈትቶ ቢገለብጠው ሸሚዙ እንደገና ያገለግላል። የደንብ ልብስ ስናሰፋም ቁመታችን ገና ስለሚጨምር፣ የሱሪውና የቀሚሱ እጥፋት ሰፋ ተደርጎ እንዲተው እንንገረው።

4ኛ፤ አንድ በአንድ፣ አስቦ መግዛት ነው። የልብስ እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው በተገዛበት ብር ሳይሆን በሚለበስበት ቀን ተካፍሎ ነው። ለምሳሌ 600 ብር የተገዛ ሹራብ 60 ቀን ተለብሶ ቢያልቅ በቀን 10 ብር ወጣበት፤ 1,200 ብር የተገዛው ግን 300 ቀን ቢለበስ በቀን 4 ብር ብቻ ነው። ሰልባጅም ቢሆን ስፌቱንና ብብቱን መርምሮ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ መሳሳቱን አይቶ ለሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተገዛ ልብስ ባለቤቱን አያገለግልም።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቼ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ያነሡብኝ ይሆናል። ተረቱ ግን ቀሚሱ ለጥምቀት ይድረስ አለ እንጂ በየዓመቱ አዲስ ይሁን አላለም። በደንብ የተያዘ ቀሚስ ለብዙ ጥምቀት ይደርሳል። ለበዓል ልብስ ሲባል የሚበደር ወላጅ፣ ልብሴ የተጣፈ ነው ብሎ ከክፍል የሚቀር ተማሪም ካለ፣ ጥፋቱ የልብሱ ሳይሆን የእኛ የተመልካቾቹ ነው። ንጹሕ ሆኖ የተጣፈ ልብስ የትጋት ምልክት እንጂ የኀፍረት ምልክት አይደለምና ማንም ጓደኛውን በልብሱ አይሳቅበት።

እንደዚሁም ልብሳችንን የሚሠሩትንና የሚጠግኑትን ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች ልናከብር ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ሙያተኛው ሲከበር ሙያው ይኖራል፤ ሙያው ሲኖር ደግሞ ጋቢያችንም ሹራባችንም ጠጋኝ አያጡም።

የተወደዳችሁ ወላጆቻችን፣ መምህሮቻችንና ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ይፈጸም አልልም። በዚህ ወር መቍጠር፣ በሚቀጥለው መጠገን፣ ከዚያም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ልብስ መጨመር ይበቃል። ፈትልም ቢሆን እንዝርቱ ላይ የሚሞላው አንድ በአንድ ነውና።