ዕቃን በዋስትና አስይዞ ስለ መበደር

መንግሥት የግል ንግድ እንዲስፋፋ የሚያደርጋቸው ማበረታቻዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ግብር ይቀንሳል፤ የጉምሩክ ቀረጥ ያነሣል፤ ለፋብሪካ የሚሆን ቦታ ይሰጣል። የእነዚህ ሁሉ ጥቅም አይካድም። ነገር ግን ከትልቁ አስመጪ አንሥቶ እስከ ትንሹ ባለሱቅ ድረስ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ያለኝን ሀብት አስይዤ ባንክ ያበድረኛል ወይ?» የሚለው ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል።

በአገራችን ባንኮች ለብድር መያዣ አድርገው ሲጠይቁ የኖሩት በአብዛኛው ቤትና ሕንፃ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቤት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ባለቤቱም በማኅደር ተመዝግቦ ይታወቃል። ከዚህም በላይ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ተበዳሪው ዕዳውን ሳይከፍል ቢቀር ባንኩ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ያለ ፍርድ ቤት ክርክር መያዣውን በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። እንግዲህ ባንክ ቤትን ቢመርጥ አያስደንቅም።

ችግሩ ግን ነጋዴ ሁሉ ባለቤት አለመሆኑ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ የማይሸጥና የማይለወጥም መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ በኪራይ ሱቅ የሚነግድ ሰው ሀብቱ በመደርደሪያው ላይ፥ በመጋዘኑ ውስጥና በዱቤ በወሰዱ ደንበኞቹ እጅ ነው። ሃያ ዓመት ነግዶ ስሙ የታመነ ሰው እንኳ ብድር በፈለገ ጊዜ የዘመዱን የቤት ካርታ ለመለመን ይገደዳል። ዘመዱም እሺ ቢል፥ በሌላ ሰው ንግድ ኪሣራ የልጆቹ መጠለያ በሐራጅ እንዳይሸጥ ሲሰጋ ይኖራል።

ታዲያ ነጋዴው ዕቃውን ራሱን ለምን አያስይዝም? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በመያዣ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ዳሩ ግን በመሠረቱ ዕቃው ከተበዳሪው እጅ ወጥቶ ለአበዳሪው መተላለፍ ነበረበት። ይህ ለወርቅና ለጌጥ ይመች ይሆናል፤ ለነጋዴ ግን አይመችም። ጨርቁን ለባንክ ያስረከበ ባለሱቅ ምን ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል? የስፌት መኪናውን ያስረከበ ልብስ ሰፊስ በምን ይሰፋል?

ይህን ለማቃናት በ2011 ዓ.ም. ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ። ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡት ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ በዋስትና የተያዘው ዕቃ በባለቤቱ እጅ ሊቆይ ይችላል። ባለሱቁ ይሸጣል፤ ባለማሽኑም ያመርታል።

2ኛ፤ ለዋስትና የሚበቃው ንብረት ብዙ ነው። በመጋዘን ያለ ሸቀጥ፥ ማሽን፥ ከብት፥ የእርሻ ምርትና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሁሉ ይገኙበታል። ምርታቸውን በመጋዘን ያስቀመጡ ላኪዎችም የመጋዘን ደረሰኛቸውን ሊያስይዙ ይችላሉ።

3ኛ፤ የዋስትናው መብት በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር በተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ይመዘገባል። የሚመዘገበው የብድሩ ውል በሙሉ ሳይሆን ተበዳሪውን፥ አበዳሪውንና የተያዘውን ንብረት የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ንብረቱ የተያዘ መሆን አለመሆኑን ከመዝገቡ ቢመረምር ከጸጸት ይድናል።

4ኛ፤ በአንድ ንብረት ላይ ሁለት አበዳሪዎች ቢከራከሩ በመሠረቱ ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል። ባንክ በቤት ላይ ያገኘው የነበረው እርግጠኝነት አሁን በዕቃም ላይ እንዲገኝ የታሰበው በዚህ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ በመጋዘን፥ 1 ሚሊዮን ብር የሚሆን ያልተሰበሰበ ሒሳብ ደግሞ በደንበኞቹ ዘንድ አለው እንበል። ቤት ግን የለውም። በቀድሞው ልማድ የዚህ ሰው ሀብት በባንክ ፊት እንደሌለ ይቆጠር ነበር። ባንኩ የሀብቱን እኩሌታ ብቻ አምኖ ቢያበድረው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ያገኛል፤ በዚህም ገንዘብ አዲስ ዕቃ ያስገባል፥ ሠራተኛም ይቀጥራል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ አስቸኳይ ሆኗል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ትናንት በ5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያስገባ የነበረ ነጋዴ ያንኑ ዕቃ ለማስገባት ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ያስፈልገው ጀመር። የነጋዴው ቤት ግን በዚህ ምክንያት ሁለት አልሆነለትም።

አዋጅ ብቻውን ግን ገንዘብ አያበድርም። የባንኩ ሹም ስለ ዕቃ የሚሰጋባቸው ምክንያቶች አሉት። ዕቃ ይሸጣል፥ ይበላሻል፥ ይቃጠላል፤ ፋሽኑም ያልፍበታል። ትክክለኛ ዋጋውን የሚገምት ባለሙያ ማግኘትና የተያዘውን ዕቃ በፍጥነት የሚገዛ ገበያ ማግኘትም እንደ ቤት ቀላል አይደለም። እነዚህን ስጋቶች ማቅለል የመንግሥትና የባንኮች ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ፋንታ ነው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። በየጊዜው የዕቃ ቆጠራ አድርጉ፤ ያለውንም በዓይነት፥ በብዛትና በዋጋ ለይታችሁ ጻፉ። በዱቤ ስትሸጡ በቃል ሳይሆን በፊርማ በተረጋገጠ ሰነድ ይሁን፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ ዱቤ ማንም ባንክ አይቀበለውምና። ዕቃችሁን ከእሳትና ከስርቆት በመድን ዋስትና ጠብቁ። ከሁሉም በላይ የሒሳብ መዝገባችሁ አንድ ብቻ ይሁን። ለግብር ሰብሳቢ ትንሽ፥ ለባንክ ትልቅ የሚያሳይ ሁለት መዝገብ የያዘ ነጋዴ፥ ግብሩን ያተረፈ መስሎት ብድሩን ያጣል፤ ሁለቱ መዝገቦች በተገናኙ ቀን ደግሞ እምነቱንም ያጣል።

ሕግ አውጪው የነጋዴው ዕቃ እንደ ሀብት እንዲቆጠር በሩን ከፍቷል። በዚያ በር ለመግባት ግን ዕቃው በመደርደሪያ ላይ መታየቱ አይበቃም፤ በወረቀትም ላይ መታየት አለበት። ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ያለውን ዕቃ መቁጠርና መጻፍ የጀመረ ባለሱቅ ለነገው ብድር የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዷል።